የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር፦ 24,000 ብር የት የት ዋለ?

የ2017 ግንቦት ነው፤ ድሬ በምሳ ሰዓት እንደ ምጣድ የምትግልበት ጊዜ። የእህቴ ልጅ ከሳቢያን ሰፈር ደወለልኝ። «አጎቴ፣ ካርድ አገኘሁ! አርኤክስ 580፣ ባለ 8 ጊጋ። ዛሬ ካልወሰድኩት ይሸጣል» አለኝ። ድምፁ ይጣደፋል። ካርድ የሚለው የጌሙን ምስል የሚሠራውን ግራፊክስ ካርድ ነው።

«ኮምፒውተርህ ያንን ካርድ ይችለዋል?» አልኩት።

ዝም አለ።

«እስከ ማታ ታገስ። መጀመሪያ ሳጥኑን ከፍተን እንየው» ብዬው ስልኩን ዘጋሁ።

ኮምፒውተር ጥገና ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። «ለጌም የትኛውን ካርድ ልግዛ?» የሚል ጥያቄ ሁሌ ይመጣልኛል። ሁሉም ከካርዱ ይጀምራል። እኔ ደግሞ ወደ ኋላ እመልሳቸዋለሁ። ፓወር ሰፕላይህ (ለዕቃዎቹ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል) ስንት ዋት ነው? ስክሪንህ ስንት በስንት ነው? ውስጡ ምን ያህል ይሞቃል? በጀት ሲጠብ ካርዱን የሚመርጡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። የልጁ ጉዳይ ሦስቱንም በደንብ ስለሚያሳይ ከነሒሳቡ ልጻፈው።

ገንዘቡ 24,000 ብር ነበር። 9,000ውን ልጁ ራሱ አጠራቅሟል፤ በየክረምቱ አባቱ ሱቅ እየዋለ። 15,000ው ከእህቴ ዕቁብ የወጣ ነው። እህቴ ብሩን ስትሰጠኝ «ወንድምዬ፣ ከዚህ በላይ አንድ ብር የለኝም። ነገ ደግሞ ተቃጠለ ብሎ እንዳይመጣብኝ» አለችኝ። የከበደኝ ሁለተኛው ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ስንት ዕቃ ይዞ እንደሚሄድ በሥራዬ አይቻለሁ። ስለዚህ ገና ምንም ሳንገዛ 3,000 ብር ለስታቢላይዘር ለብቻ አስቀመጥን። ለዕቃው የቀረን 21,000 ነው።

መጀመሪያ አቧራው

ኮምፒውተሩ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነው፤ ቁመቱ ትልቁ፣ ሚኒ ታወር የሚባለው። ከውጭ አገር ቢሮዎች ወጥተው ስላሽ (ያገለገለ ዕቃ) ተብለው ወደ እኛ ከሚመጡት አንዱ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-4590፣ ባለ አራት ኮር፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ። ራሙ 4 ጊጋ፣ አንድ ፍሬ። ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ። ለብቻው የተሰካ ካርድ የለውም፤ ምስሉን የሚያወጣው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ኤችዲ 4600 ነው። ስክሪኑ 19 ኢንች ነው፤ 1440 በ900። ከኋላው ያለው መሰኪያ ቪጂኤ፣ አሮጌው ዓይነት የምስል መሰኪያ፣ ብቻ።

ምንም ሳንነካ መጀመሪያ ለካን። ልጁ አብዝቶ የሚጫወተው ጂቲኤ 5 ነው። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንን። እየተጫወቱ ሳለ ስንት ፍሬም፣ ማለትም ስንት ምስል፣ በሰከንድ እንደሚሄድና ሙቀቱ ስንት እንደደረሰ በስክሪኑ ጥግ ያሳያል። ጨዋታውን 1280 በ720 ላይ አድርገን፣ ሁሉንም ዝቅ አድርገን፣ ከ25 እስከ 30 ፍሬም ነበር። መኪና በፍጥነት ሲነዳ ወደ 15 ይወርዳል። የፕሮሰሰሩ ሙቀት ደግሞ 97 ዲግሪ።

97 ዲግሪ ሳይ ጎኑን ለመክፈት ቸኮልኩ። ይሄ ፕሮሰሰር 100 ሲደርስ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ልጁ «ላግ ያደርጋል» (ይንቀረፈፋል) የሚለው ነገር ከፊሉ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ስንከፍተው አቧራው በፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ላይ እንደ ጥጥ ተጋግሯል። ድሬ ላይ ንፋስ ሲነሳ አሸዋ የማይገባበት ቤት የለም። ሳጥኑ ደግሞ መሬት ላይ፣ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው የሚውለው።

«ጎሚስታ ወስደን በኮምፕሬሰር እናስነፋዋ» አለኝ። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። እኔ አልወደውም። የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ ከአየሩ ጋር ወደ ማዘርቦርዱ፣ ዕቃው ሁሉ ወደሚሰካበት ሰሌዳ፣ ይረጫል። ግፊቱም ፋኗን ከአቅሟ በላይ አሽከርክሮ ይሰብራታል። ለስላሳ ብሩሽና የእጅ ብሎወር ይበቃል። ፋኗን በጣት ያዝ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ማቀዝቀዣውን ነቀልነው። ፓስታው ደርቆ እንደ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ፓስታ ስል በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ሙቀት አሳላፊ ቅባት ነው። አሮጌውን በአልኮል ጠርገን የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ አደረግንበት። ዋጋው 250 ብር።

መልሰን ስንለካው 97 የነበረው 76 ሆነ። ከፍተኛው ፍሬም ብዙም አልተለወጠም። መውረዱ ግን ቀነሰ፤ 15 ይደርስ የነበረው ከ22 በታች አልወርድ አለ። ልጁ ዓይኑን ማመን አቃተው። ካርድ የሚያስፈልግ መሆኑ አልቀረም፤ ግን በዚያ ሙቀት ላይ አዲስ ካርድ ብንጨምር ኖሮ ገንዘቡን ለምድጃ መስጠት ነበር።

አርኤክስ 580 ለምን ቀረ

ካርዱን የሚሸጠው ሰው 11,000 ብር ብሏል። በእውነት ለአቅሙ ርካሽ ነው። እንዲህ ዓይነት ካርድ የረከሰበትን ምክንያት ለልጁ አስረዳሁት። እነዚህ ካርዶች ብዙዎቹ ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማውጣት ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የነበሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 ላይ ኢቴሪየም አሠራሩን ቀየረና ካርድ የማያስፈልገው ሆነ። ያን ጊዜ ማሽኖቹ ተፈትተው ካርዶቹ በገፍ ወደ ገበያ ወጡ። ለዚያ ሥራ የዋለ ሁሉ ብልሹ ነው ማለት አይደለም። ፋኑና ሜሞሪው ግን ብዙ ደክመዋል።

የጣልነው ግን በዚህ አይደለም። በኃይል ነው።

አርኤክስ 580 እስከ 185 ዋት ይበላል። ማዘርቦርዱ ላይ ካርድ የሚሰካበት ረጅሙ ቀዳዳ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። የቀረውን ካርዱ በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ፣ ባለ ስምንት ፒን ገመድ በኩል ይወስዳል። የዴሉን ፓወር ሰፕላይ አወጣነው። 290 ዋት። ለካርድ የሚሆን ገመድ ጭራሽ የለውም።

«ፓወሩን እንቀይረዋ» አለኝ። ትክክለኛ ሐሳብ ነው፤ በሌላ ኮምፒውተር ቢሆን። እዚህ ጋ ዴል ራሱ ያመጣው ጣጣ አለ። የተለመደው ፓወር ሰፕላይ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ባለ 24 ፒን ነው። የ9020ው ግን የራሱ የሆነ ባለ 8 ፒን ነው። ሱቅ ሄደህ ያገኘኸውን ገዝተህ አትሰካም። ከ24 ወደ 8 የሚቀይር ገመድ አለ፤ ግን ፈልገን ድሬ ውስጥ አላገኘንም። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሰው ማስመጣት ይጠይቃል።

ሌላም ነገር አለ። ልጁን አንድ ሱቅ ወስጄ «500 ዋት» ተብሎ የተጻፈበትን ርካሽ ፓወር ሰፕላይ አስያዝኩት። እንደ ባዶ ጣሳ ቀለለው። ጎኑ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አስነበብኩት። 12 ቮልት በሚለው ሥር 14 አምፔር ይላል። «አባዛው» አልኩት። 12 ሲባዛ በ14፣ 168 ዋት። ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚጠጡት ከዚያ መስመር ነው። ትልቁ ቁጥር ለማስታወቂያ የተጻፈ ነው። የዴሉ 290 የታመነ 290 ነው። ደህና የሆነው 500 ዋት ደግሞ 7,000 ብር ነበር። ከካርዱ ጋር 18,000፣ ገመዱ ሳይጨመር። ራምም ኤስኤስዲም (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ሳይገዛ ብሩ ያልቃል። ሁሉም ነገር ያልተለመደ ገመድ ላይ ይንጠለጠላል። እህቴ «ተቃጠለ ብሎ እንዳይመጣብኝ» ያለችው ትዝ አለኝ።

ስለዚህ ጥያቄው ጠበበ። ከ75 ዋት የማያልፍ፣ የራሱ የኃይል ገመድ የማይፈልግ ካርድ። ሒሳቡ ይሄ ነው፦ ፕሮሰሰሩ 84፣ ካርዱ 75፣ ዲስኩ፣ ፋኑና ማዘርቦርዱ ተደምረው 40 አካባቢ። 200 ገደማ። 290ው በምቾት ይሸከመዋል።

በዚህ ወሰን ውስጥ ያሉት ብዙ አይደሉም። ጂቲ 1030 አለ፤ 30 ዋት ብቻ ነው፤ ግን ባለ 2 ጊጋ ነው፤ ለዛሬ ጨዋታ ያንሳል። እሱን የሚገዛ ሰው ካለ አንድ ነገር ይጠንቀቅ። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጂዲዲአር5 ሜሞሪ አለው፤ ሌላው ዲዲአር4። ስማቸው አንድ፣ ፍጥነታቸው የትና የት። ጂቲኤክስ 1650 አለ፤ ካገኘናቸው ሁሉ ይሻላል፤ የጠየቁን ግን 21,000 ነው። የብራችን መጨረሻ። እሱንም ቢሆን አንዳንዱ ሞዴል የኃይል ገመድ ይፈልጋል። አርኤክስ 6400 ገና ሲያነሳው ተው አልኩት። አዲስ ነው፤ 53 ዋት ብቻ ነው። ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በአራት መስመር ብቻ ስለሆነ እንደ እኛ ያለ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ አቅሙ ይቀንሳል።

የቀረው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ 75 ዋት፣ 4 ጊጋ። ልጁ ፊቱን አጨፈገገ። «አጎቴ፣ አሮጌ ነው እኮ» አለኝ። ስክሪኑን አሳየሁት። 1440 በ900 ማለት 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነጥብ ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080 ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው። ሰዎች 1050 ቲአይ ደከመ የሚሉት ባለ 2 ሚሊዮኑ ላይ ነው። የእሱ ስክሪን ለካርዱ ሲሶ በላይ ሥራ ይቀንስለታል። ደግሞ ሌላው ጨዋታው ፊፋ 23 ላይ ኩባንያው ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት 8 ጊጋ ራምና ይሄው 1050 ቲአይ ራሱ ነው። አንድ ነገር ግን አልደበቅኩትም። ያው ዝርዝር ፕሮሰሰሩን አይ5-6600ኬ ይላል። የእኛው ከሱ በሁለት ትውልድ ይቀድማል። «ፊፋው ሊያስቸግርህ ይችላል፤ ጂቲኤው ግን ይሄዳል» አልኩት። እሺ አለ።

ቪጂኤ የነበረው ካርድ

አሥር ቀን ፈለግን። ታይዋን የሚባለውን የድሬ ገበያ ዞርን፤ ከዚራ ሰፈርን ዞርን። ድሬ በምሳ ሰዓት ሱቁ ሁሉ ስለሚዘጋ የምንወጣው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐዩ በረድ ሲል። በመጨረሻ አንድ ልጅ በስልክ ተገኘ። 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ፣ 10,000 ብር። ሌላው ሁሉ 14 እና 15 ሺህ ሲል እሱ 10,000 ማለቱ ደስ አላለኝም። ግን ማየት አይከፈልበትም።

ከዚራ ዛፍ ሥር ሻይ ይዘን ጠበቅነው። ካርዱን በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። ገልብጬ አየሁት። ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛ፣ ከኋላው የቪጂኤ መሰኪያ አለው። ሁለተኛ፣ ጎኑ ላይ ባለ ስድስት ፒን የኃይል መሰኪያ አለው። ባለ ስድስት ፒን ያለው እውነተኛ 1050 ቲአይ አይጠፋም። ቪጂኤው ግን አስደነገጠኝ። ኤንቪዲያ ከዚያ ትውልድ ጀምሮ የቪጂኤን ሲግናል ከቺፑ አስወጥቶታል። ቪጂኤ ያለው «1050 ቲአይ» ካየህ ቆም በል።

የእህቴ ልጅ ግን ቪጂኤውን አይቶ በደስታ ፈነደቀ። «አጎቴ፣ የኔ ስክሪን ቪጂኤ ነው! ይገጥማል!»

«ወንድሜ፣ ሰክተን እንየው» አልኩት ሻጩን።

«ወላሂ ይሠራል። አብሽር» አለኝ።

«እንደሚሠራ አምንሃለሁ። ምን እንደሆነ ነው ማየት የፈለግኩት።»

ተስማማ። በባጃጅ ሄደን አንድ ወዳጄ ጥገና ቤት ሰካነው። ምስል አወጣ። ዊንዶውስም «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ብሎ ጻፈ። የእህቴ ልጅ ወደ እኔ ዞሮ «አየህ?» በሚል ዓይን አየኝ። ከዚያ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ከፈትኩ። ስሙ ፊት ለፊት «ፌክ» (ፎርጅድ ማለት ነው) የሚል ምልክት ወጣ። ቺፑን ጂኤፍ116 አለው። የእውነተኛው ጂፒ107 ነው። የኮሮቹ ቁጥር 768 መሆን ሲገባው 192። ይሄ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ነው። አንድ ሰው ውስጡ ያለውን ሶፍትዌር ቀይሮ አዲስ ስም ሰጥቶታል። ዊንዶውስ የሚያነበው ያንን ስም ነው። ጂፒዩ-ዚ ደግሞ ቺፑን ራሱን ያነባል።

ሻጩ ልጅ ፊቱ ተለወጠ። እሱም በዚያው ስም ገዝቶት ነው። «አቦ፣ እኔ 9,000 ነው የገዛሁት» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። ሊያታልለን የመጣ አልመሰለኝም። የፕሮግራሙን ስም ስልኩ ላይ ጽፌ ሰጠሁት። አዘንኩለት። እስካሁን ሳስበው ያሳዝነኛል፤ 9,000 ብር ለአንድ ወጣት ብዙ ነው።

እውነተኛውን ያገኘነው ካልጠበቅነው ቦታ ነው። አንድ የኅትመት ሥራ የሚሠራ ቤት ኮምፒውተሩን ሊቀይር ነበር። ካርዱ ገና ሥራ ላይ ነው፤ ተሰክቶ እየሠራ አገኘነው። ባለ አንድ ፋን፣ አጭር፣ የኃይል መሰኪያ የሌለው። ከኋላው ኤችዲኤምአይ፣ ዲስፕሌይ ፖርትና ዲቪአይ። እዚያው በጂፒዩ-ዚ አየነው። ግማሽ ሰዓት በከባድ ሥራ አስኬድነው። ሙቀቱ አልወጣም፤ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር አልመጣም። 15,000 አሉን፤ በ13,500 ተስማማን። ማጭበርበር ያለበትን በ10,000 ከመግዛት ይህ ይሻላል፤ በዚህ ላይ አንዳች ጥርጣሬ የለኝም።

ከዚያ ስክሪኑ መጣ። ካርዱ ቪጂኤ የለውም፤ ስክሪኑ ከቪጂኤ ሌላ የለውም። አንድ ሱቅ ከዲቪአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ መሰኪያ በ200 ብር ሰጠን። ቤት ወስደን ብንሞክረው አልገባ አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። መሰኪያው ላይ ከጠፍጣፋዋ ፒን ዙሪያ አራት ትንንሽ ፒኖች አሉ። ቪጂኤው የሚያልፈው በነሱ ነው። ካርዱ ላይ ለእነሱ ቀዳዳ የለም፤ ካርዱ ያንን ሲግናል ስለማያወጣ። በኃይል ለማስገባት የሚሞክር ሰው ካርዱን ይሰብረዋል። ሱቁ ሳያንገራግር ተቀበለን፤ ልዩነቱን ጨምረን ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ወሰድን፤ ውስጡ የራሱ ቺፕ ያለው። በጠቅላላ 700 ብር። አሮጌ ስክሪን ያለው ሰው ይህችን ወጪ ከመጀመሪያው ይቁጠራት።

ራም፣ ኤስኤስዲ፣ እና ያልገዛነው ፕሮሰሰር

ራሙን የገዛነው ካርዱን እየፈለግን ሳለ ነው። ሃሳቤ 8 ጊጋ አንድ ፍሬ ጨምሮ ካለው 4 ጋር 12 ማድረግ ነበር። ዓይነቱ ዲዲአር3፣ ፍጥነቱ 1600። ሱቅ ላይ የምታጠያይቁት ሁለት ነገር አለ። የላፕቶፕ ራም አጭር ነው፤ ዴስክቶፕ ላይ አይገባም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቅም። አንዳንድ ርካሽ ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር3 ለኤኤምዲ ብቻ የተሠራ ነው። ኢንቴል ላይ ስትሰካው ኮምፒውተሩ አይነሳም። መለጠፊያው ላይ ይጻፋል፤ አንዳንዴ ግን መለጠፊያው ተልጦ ይሸጣል። «ካልሠራ እመልሳለሁ» ብለን ተስማምተን በ2,200 ገዛን። ሠራ።

ካርዱ ሳይገባ፣ በራሙ ብቻ፣ ጂቲኤው ከ25–30 ወደ 33–38 ወጣ። ይሄ ለልጁ አዲስ ነገር ነበር። ለብቻው ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ለምስሉም የሚጠቀመው ይህንኑ ራም ነው። አንድ ፍሬ ሲሆን በአንድ መንገድ ነው የሚመላለሰው። ሁለት ሲሆን በሁለት። ካርድ የመግዛት አቅም ለጊዜው የሌለው ሰው ቢያንስ ሁለተኛ የራም ፍሬ ይጨምር።

ኤስኤስዲ 256 ጊጋ፣ 4,300 ብር። ፍሬም አይጨምርም፤ ይህን ቀድሜ ነግሬዋለሁ። ግን ኮምፒውተሩ ተነስቶ ለሥራ እስኪደርስ ሦስት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ከግማሽ ደቂቃ በታች ሆነ። ልጁ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ኮምፒውተሩን ለትምህርትም ይጠቀምበታል። እህቴም የሱቁን ሒሳብ እሱ ላይ ነው የምትጽፈው። ለቤቱ ሁሉ የጠቀመው ኤስኤስዲው ነው ብል አልተሳሳትኩም። ፊፋ 23 100 ጊጋ ይፈልጋል። እሱንና ዊንዶውሱን ኤስኤስዲው ላይ አደረግን፤ ሌላውን አሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ተውን።

አንድ ሻጭ ደግሞ አይ7-4770 በ6,500 አቀረበልን። ማዘርቦርዱ ላይ ይገባል። አራት ኮር ሆኖ ስምንት ሥራ ባንዴ ይይዛል። ልጁ በጣም ፈለገው። እኔ ተቃወምኩ። ብሩ የሚመጣው ወይ ከኤስኤስዲው፣ ወይ ከስታቢላይዘሩ ነው። ስታቢላይዘሩን ልነካ አልፈልግም። ኤስኤስዲውም የእህቴ ነው። አሁን መለስ ብዬ ሳየው ፊፋውን ይረዳው ነበር፤ ውሳኔው ግን ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስታቢላይዘሩ 2,800 ፈጀ። ጠቅላላ ወጪው እንዲህ ወጣ፦ ካርድ 13,500፣ ኤስኤስዲ 4,300፣ ስታቢላይዘር 2,800፣ ራም 2,200፣ መቀየሪያ 700፣ ፓስታ 250። ድምሩ 23,750። 250 ብር ተረፈ። ለእህቴ መለስኩላት፤ ልጁ የራሱን የባጃጅ ወጪ ራሱ ከፍሏል።

ስምንት ሰዓት ላይ

ሁሉን ገጣጥመን የሞከርነው ሆን ብዬ በመጥፎው ሰዓት ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ቬንትሌተሩ የሚነፋው አየር ራሱ ሲሞቅ። ማታ በቀዝቃዛ የሚሠራ ኮምፒውተር ድሬ ላይ ምንም አይነግረንም። ሳጥኑን ከመሬት አንስተን አነስተኛ የእንጨት ዱካ ላይ አደረግነው፤ ከግድግዳውም ከስንዝር በላይ አራቅነው።

ጂቲኤ 5፣ በስክሪኑ ሙሉ መጠን፣ አብዛኛው ነገር ከፍ ብሎ፣ 60 ፍሬም። ስክሪኑ ራሱ በሰከንድ ከ60 በላይ ስለማያሳይ እዚያው ላይ ገደብነው። መገደቡ ካርዱንም ያሳርፈዋል። ከአንድ ሰዓት ጨዋታ በኋላ ካርዱ 74፣ ፕሮሰሰሩ 82 ዲግሪ። ከመጽዳቱ በፊት ያለ ካርድ 97 የነበረው ማሽን ነው።

ፊፋ 23 እንደፈራሁት ሆነ። መካከለኛ ላይ ሜዳው ውስጥ 60 ይሄዳል። ጎል ሲገባና ካሜራው ተመልካቹን ሲያሳይ ግን ወደ 45 ይወርዳል። ቁጥሮቹን ሳይ ፕሮሰሰሩ 95 በመቶ ተይዟል፤ ካርዱ ግን 70 ላይ ነው። አራቱ ኮር አቅማቸው አልቋል። የተመልካቹን ዝርዝር ዝቅ ስናደርግ ወደ 52 ከፍ አለ። ልጁ ይበቃኛል አለ። በሦስተኛው ጨዋታ መብራት ሄደ። ሲመጣ ስታቢላይዘሩ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ነው ኃይል የለቀቀው። እህቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ተቃጠለ እንዴ?» አለች። አልተቃጠለም።

የማይቀር አንድ ነገር አለ። ይህ ፕሮሰሰር አራተኛ ትውልድ ነው። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ልጁ ይህን ገና ከጅምሩ ያውቃል። ስለዚህ ስንገዛ አንድ በአንድ «ይሄ ወደሚቀጥለው ኮምፒውተር ይሻገራል?» እያልን ነበር። ካርዱ ይሻገራል። ኤስኤስዲው ይሻገራል። ስታቢላይዘሩና መቀየሪያውም ይሻገራሉ። ዲዲአር3ው ራም ብቻ ከዴሉ ጋር ይቀራል። ለዚህ ነው 16 ጊጋ ሳንል 12 ላይ ያቆምነው።